ዝርዝሩ ላይ ያልነበረው ርቀት

በ2013 ባርሴሎና ላይ በተካሄደው የዓለም የውሃ ስፖርቶች ሻምፒዮና (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የ16 ዓመቷ አሜሪካዊት ኬቲ ሌዴኪና ዴንማርካዊቷ ሎተ ፍሪስ የሴቶችን የ1500 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ፍጻሜ ትከሻ ለትከሻ ዋኙ። ባለ 50 ሜትሩን ገንዳ 30 ጊዜ መቁረጥ የሚጠይቀው ይህ ርቀት በገንዳ ውስጥ ከሚደረጉት ታላላቅ ውድድሮች ረጅሙ ነው። ሌዴኪ መጨረሻ ላይ አምልጣ በ15 ደቂቃ ከ36.53 ሰከንድ ስትጨርስ የነበረውን የዓለም ክብረ ወሰን በ6 ሰከንድ አሻሻለች፤ ሁለተኛ የወጣችው ፍሪስም ብትሆን ከአሮጌው ክብረ ወሰን በፈጠነ ሰዓት ነበር የገባችው። እንዲህ ያለ ፍልሚያ ያየ ሰው ቀጣዩን ኦሎምፒክ በጉጉት መጠበቁ አይቀርም። ሌዴኪ በ2016 ሪዮ ላይ በ200፣ በ400 እና በ800 ሜትር፣ እንዲሁም በ4 በ200 ሜትር ቅብብል አራት ወርቅ፣ በ4 በ100 ሜትር ቅብብል ደግሞ አንድ ብር ወሰደች። በ1500 ሜትር ግን አልተወዳደረችም። አልታመመችም፣ ማጣሪያም ላይ አልወደቀችም። የኦሎምፒኩ መርሐ ግብር ርቀቱን የያዘው ለወንዶች ብቻ ስለነበር ነው።

ስለ ታላላቅ አትሌቶች ሲወራ ተሰጥኦው ይነሣል፣ ልፋቱ ይነሣል፣ አሠልጣኙ ይመሰገናል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሌዴኪም ቢሆን ገና ጎሕ ሳይቀድ ገንዳ ውስጥ እየገባች ያደገች ናት። ነገር ግን የአንድ ዋናተኛ የውድድር ዘመን ምን እንደሚመስል ከገንዳው በፊት የሚወስነው ሌላ ነገር አለ። እርሱም በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ የሚጻፈው የውድድሮች ዝርዝር ነው። የትኛው ርቀት ለማን እንደሚፈቀድ የሚወስኑት ሰዎች የማን ስም እንደሚታወስና የማን ጉልበት ሳይታይ እንደሚያልፍ ጭምር ይወስናሉ። የሌዴኪ ታሪክ ይህን ከማንም በላይ አጉልቶ ያሳያል ብዬ አምናለሁ። የረጅም ርቀት ሴት ሯጮቿን እንደ ዓይኗ ብሌን የምታይ አገር ደግሞ ጉዳዩን የሌላ ሰው ጉዳይ አድርጋ ልታልፈው አይገባም።

ወንዶች በኦሎምፒክ 1500 ሜትር መዋኘት የጀመሩት በ1908 ለንደን ላይ ነው። ሴቶች ወደ ኦሎምፒክ ገንዳ የገቡት ከአራት ዓመት በኋላ ስቶክሆልም ላይ ሲሆን፣ የተፈቀደላቸውም 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋና የ4 በ100 ሜትር ቅብብል ብቻ ነበር። 800 ሜትር የተጨመረላቸው በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በሩ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል እዚያው ላይ ቆመ። በዚህ መሀል ማን እንዳለፈ ለማየት ጃኔት ኢቫንስን ማንሣት ይበቃል። ካሊፎርኒያዊቷ ኢቫንስ በ1988 የ1500 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን በ15 ደቂቃ ከ52.10 ሰከንድ አስመዘገበች። ይህን ሰዓት ለ19 ዓመታት፣ እስከ 2007 ድረስ፣ ማንም ሴት አላሻሻለውም። ኢቫንስ በሴኡልና በባርሴሎና ኦሎምፒኮች በሌሎች ርቀቶች አራት ወርቅ አግኝታለች፤ ክብረ ወሰኗ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ሳይነካ በቆየበት ርቀት ግን አንድም የኦሎምፒክ ውድድር አልዋኘችም። ክብረ ወሰኑ በመዝገብ ላይ አለ፣ ውድድሩ ግን የለም። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ለዚህ ክልከላ መነሻ የሆነው የሴት አካል ረጅም ድካም አይችልም የሚለው አሮጌ እምነት ነው። በ1928 አምስተርዳም ላይ ሴቶች 800 ሜትር ሲሮጡ ጥቂቶቹ ከመጨረሻው መስመር በኋላ ደክመው ታዩ፤ ጋዜጦች ነገሩን አጋንነው አናፈሱት፣ ውድድሩም እስከ 1960 ድረስ ከኦሎምፒክ ተሰረዘ። ወንድ ሯጭ ከውድድር በኋላ ሣር ላይ ሲዘረር ጀግንነቱን ያሳያል የሚባለው ነገር በሴት ሲሆን የድካም ማስረጃ ተደረገ። በጣም የሚያስቆጨው ደግሞ ተቃራኒው ማስረጃ አስቀድሞ በዓለም ፊት መቅረቡ ነው። በ1924ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ በነፃ ቀዘፋ ሜዳሊያዎች ያገኘችው ገርትሩድ ኤደርሊ በ1926 በእንግሊዝና በፈረንሣይ መካከል ያለውን ባሕር ከ14 ሰዓት ተኩል ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ በዋና አቋረጠች። ከእርሷ በፊት ባሕሩን ካቋረጡት ወንዶች ሁሉ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጥናለች። ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ከ14 ሰዓት በላይ የዋኘች ሴት ባለችበት ዓለም፣ ሞቅ ባለና በተረጋጋ ገንዳ 15 ደቂቃ መዋኘት ለሴት ይከብዳል ማለት እንዴት ለዘጠኝ አሥርት ዓመታት ቆየ? ክልከላው የቆየው በእውቀት ላይ ስላልቆመ ነው፤ አንድ ጊዜ የተጻፈ ዝርዝር የሚያሰርዘው ሰው እስኪነሣ ድረስ ይኖራል።

ነገሩ የበለጠ ግራ የሚያጋባው ኦሎምፒክ ራሱ ከራሱ ጋር መጋጨቱ ነው። ሴቶች በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ማራቶን እንዲሮጡ ተፈቀደላቸው፤ ያ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ድካም ነው። በ2008 ቤጂንግ ላይ ደግሞ ከገንዳ ውጭ የሚደረገው የ10 ኪሎ ሜትር ዋና ሲጀመር ለወንዶችም ለሴቶችም እኩል ተጀመረ። ስለዚህ ከ2008 እስከ 2016 በነበሩት ሦስት ኦሎምፒኮች አንዲት ሴት 10 ኪሎ ሜትር ልትዋኝ ትችላለች፣ 800 ሜትርም ልትዋኝ ትችላለች፣ 1500 ሜትር ግን አይፈቀድላትም ነበር። ለዚህ የሕክምናም ሆነ የስፖርት ምክንያት ሊኖር አይችልም። 1500 ሜትር ዋና በጊዜ ሲለካ ከ5000 ሜትር ሩጫ ብዙም አይርቅም፤ የእኛ ሴቶች 5000 ሜትርን በ14 እና በ15 ደቂቃ ሲሮጡ ልባቸው ይቆማል ብሎ የሰጋ ሰው አላየንም።

እኛን የሚነካው ነገር እዚህ ላይ ነው። የሴቶች 10 ሺሕ ሜትር ሩጫ ወደ ኦሎምፒክ የገባው በ1988 ሴኡል ላይ ነው። ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና መም ላይ ያንን የማይረሳ ወርቅ ያገኘችው ከአራት ዓመት በኋላ፣ ርቀቱ በኦሎምፒክ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሮጥ ነበር። ዝርዝሩ ለሁለት ኦሎምፒኮች ብቻ ቢዘገይ ኖሮ የበቆጂዋ ልጅ በዚያ ዓመት በዚያ ርቀት የምትሮጥበት መድረክ አይኖርም ነበር፤ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት የኦሎምፒክ ባለወርቅ የሚለው ማዕረግም በዚያ ምሽት የእርሷ አይሆንም ነበር። ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ ያሸነፈችው ማራቶን ለሴቶች ከተፈቀደ ገና 12 ዓመቱ ነበር። መሠረት ደፋር በአቴንስና በለንደን፣ ጥሩነሽ ዲባባም በቤጂንግ ያሸነፉበት የሴቶች 5000 ሜትር ራሱ የተጀመረው በዚያው በአትላንታ ነው። የእነዚህ ሴቶች ጉልበት ከዝርዝሩ በፊትም ነበር። ከእነርሱ በፊት በአርሲ ዳገቶች ላይ የሮጡ፣ ርቀታቸው ግን ስላልተፈቀደ ስማቸውን የማናውቀው ሴቶች ስንት እንደነበሩ የሚነግረን መዝገብ የለም። በሪዮ ደግሞ ሁለቱ ታሪኮች በአንድ ቀን ተገናኙ። ነሐሴ 12 ቀን አልማዝ አያና 10 ሺሕ ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች፤ ያን ዕለት ማታ ሌዴኪ በ800 ሜትር በ8 ደቂቃ ከ4.79 ሰከንድ የራሷን ክብረ ወሰን አሻሻለች። አልማዝ ወንዶቹ የሚሮጡትን ረጅሙን የመም ርቀት እርሷም ሮጠች። ሌዴኪ ግን ወንዶቹ ከሚዋኙት ግማሽ ያህሉ ላይ እንድታቆም ተገድዳ ነበር።

ሌዴኪ እንዲያም ሆኖ በሜዳሊያ ተንበሽብሻለች፣ ምን ጎደለባት የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም በ200 ሜትርም በ800 ሜትርም ማሸነፍ የቻለች ዋናተኛ ከተዘጋው በር ይልቅ በሌሎች በሮች ልትገባ ትችላለች። በዘመናት አንዴ የምትገኝን ሰው መለኪያ አድርጎ ሕግን መመዘን ግን አይሆንም። ሕጉ የሚጎዳው አጥሩን መዝለል የማይችለውን ነው። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ በሰኔ 2017 የሴቶችን 1500 ሜትር በቶኪዮ መርሐ ግብር ውስጥ ሲጨምር የሆነውን እንይ። ሌዴኪ ወርቁን ስትወስድ ብሩን አሜሪካዊቷ ኤሪካ ሱሊቫን፣ ነሐሱን ጀርመናዊቷ ሳራ ኮለር አገኙ። ሁለቱም ከቶኪዮ ይዘው የተመለሱት ሜዳሊያ ይኸው አንድ ብቻ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ቢሆን እንደነርሱ ያለ ዋናተኛ ወይ ፍጥነቷ በማይመጥነው አጭር ርቀት ትታገል ነበር፣ ወይ ቤቷ ሆና በቴሌቪዥን ታይ ነበር። ለወጣት ዋናተኛ ደግሞ የኦሎምፒክ ርቀት ማለት አሠልጣኝ የሚመድብለት፣ ፌዴሬሽን በጀት የሚይዝለት፣ ደጋፊ ድርጅት ገንዘብ የሚያወጣለት ርቀት ማለት ነው። ከዝርዝሩ የወጣ ርቀት ቀስ በቀስ ከልምምዱም ይወጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጊዜ ነው፤ ረጅም ውድድር ተመልካች ያሰለቻል፣ የስርጭት ሰዓት ይበላል ይባላል። በ1500 ሜትር ግማሽ ፍጻሜ እንኳ የለም፤ ከማጣሪያ በቀጥታ ወደ ፍጻሜ ነው የሚታለፈው፣ ፍጻሜውም ከሩብ ሰዓት ብዙ አያልፍም። ይህ ሩብ ሰዓት ለወንዶች ከመቶ ዓመት በላይ ሲሰጥ አሰልቺ ነው ብሎ ከኦሎምፒክ ያወጣው የለም። እንዲህ ያለውን ሰበብ እኛም በሚገባ እናውቀዋለን። በ2019 የዓለም አትሌቲክስ አመራር የስርጭቱን ጊዜ ወደ 90 ደቂቃ ለማሳጠር በሚል ከ2020 ጀምሮ የዳይመንድ ሊግ ረጅሙ ርቀት 3000 ሜትር እንዲሆን ወሰነ። ያን ቀን የተነካው የኢትዮጵያና የኬንያ ሯጮች እንጀራ ነበር። 5000 ሜትር በኋላ ወደ አንዳንድ ከተሞች ቢመለስም፣ ውሳኔው ለቴሌቪዥን ሲባል መጀመሪያ የሚቆረጠው ረጅሙ ርቀት መሆኑን አሳይቶናል። በዋና ስፖርት የሴቶች 1500 ሜትር ሲከለከል በቀረበው ምክንያት ላይ ዝም ብለን፣ በሩጫው ሲመጣብን ብቻ ብንጮህ ክርክራችን ይሳሳል።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ግን አቅልዬ አላየውም፤ ያሳስበኛልም። ዋና ብዙ ሜዳሊያ የሚሰጥበት ስፖርት ነው፤ ገንዳ የሚሠሩ፣ ውሃ የሚያሞቁ፣ ሕፃናትን በዋና ትምህርት ቤት የሚያሳድጉ ሀብታም አገሮች አንድ ጎበዝ ዋናተኛ ይዘው በአንድ ሳምንት አምስት ሜዳሊያ ይለቅማሉ። ጎበዝ ማራቶን ሯጭ ያላት አገር በአራት ዓመት አንድ ዕድል ብቻ ነው ያላት። ስለዚህ ለዋና አዲስ ውድድር መጨመር የሀብታሞችን ድርሻ ማብዛት ነው የሚለው ቅሬታ መሠረት አለው። በ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ የጀርባ፣ የደረትና የቢራቢሮ ቀዘፋ 50 ሜትሮች እንዲጨመሩ መወሰኑን ስሰማ እኔም ይህንኑ አስቤአለሁ። ይሁንና ዝርዝሩ በዛ ማለት አንድ ነገር ነው፣ በዝርዝሩ ውስጥ ሴት ከወንድ ትነስ ማለት ሌላ። መቀነስ ካስፈለገ ከሁለቱም ይቀነስ። በ2017 ለሴቶች 1500፣ ለወንዶች ደግሞ 800 ሜትር በአንድ ላይ የተጨመረው በዚህ ሚዛን ነው፤ ትክክልም ነበር። የሜዳሊያ ብዛት ጥያቄ በሴቶች ርቀት ኪሳራ እንዲካካስ መፍቀድ አይገባም።

ሐምሌ 28 ቀን 2021 ቶኪዮ ላይ ሌዴኪ መጀመሪያ የ200 ሜትር ፍጻሜን ዋኝታ አምስተኛ ወጣች። ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ እዚያው ገንዳ ተመልሳ በሴቶች የኦሎምፒክ ታሪክ የመጀመሪያውን የ1500 ሜትር ወርቅ በ15 ደቂቃ ከ37.34 ሰከንድ ወሰደች። ባርሴሎና ላይ በ16 ዓመቷ ከዋኘችው ሰዓት ጥቂት የዘገየ ነው። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ በ16 ዓመቷ ኦሎምፒክ የሚያሸንፍ ሰዓት የነበራት ልጅ ውድድሩ እስኪፈቀድላት 24 ዓመት ሆናት። በ2024 ፓሪስ ላይ በ27 ዓመቷ ርቀቱን በ15 ደቂቃ ከ30.02 ሰከንድ ደግማ አሸነፈች፣ 800 ሜትርንም ለአራተኛ ተከታታይ ኦሎምፒክ ወሰደች። ዘጠኝ የኦሎምፒክ ወርቅ ያላት ሌዴኪ በዚህ ቁጥር ከሴቶች ሁሉ ቀዳሚ ከነበረችው ከሶቪየቷ ጂምናስቲከኛ ላሪሳ ላቲኒና ጋር ተስተካክላለች። በግንቦት 2025 ደግሞ በሪዮ ያስመዘገበችውን የ800 ሜትር ክብረ ወሰን ወደ 8 ደቂቃ ከ4.12 ሰከንድ አወረደችው።

የሚቀጥለው ኦሎምፒክ በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይ ነው። የሴቶች 1500 ሜትር ለሦስተኛ ጊዜ ይዋኛል። በዚያ አዘጋጅ ኮሚቴ ውስጥ የአትሌቶችን ጉዳይ በኃላፊነት የምትመራው ጃኔት ኢቫንስ ናት።