ወደ ፍጥሞ ደሴት ለዕረፍት ለሚሄዱ ቤተ ሰቦች
ዮሐንስ ራእዩን ያየባት ፍጥሞ በግሪክ ባሕር ያለች ትንሽ ደሴት ናት። የአውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት፤ ከአቴና ወደብ ከፒሬዎስ ወይም ከጎረቤት ደሴቶች በመርከብ መሻገር ግድ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይዋ ያማረ ቢሆንም፤ ሜልቴሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ ሲበረታ መርከቡ ከወደብ ሳይወጣ የሚውልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የመርከቡ መመለሻና የአውሮፕላኑ መነሻ በአንድ ቀን እንዳይገጥሙ፤ በመካከሉ አንድ ቀን እንዲተርፍ እንመክራለን።
እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1088 ዓመት የተመሠረተው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም በኰረብታው ራስ ላይ ነው፤ የራእዩ ዋሻ የሚባለውም ወደ ገዳሙ በሚያወጣው መንገድ ላይ ይገኛል። ልጆች ባሕሩን፤ አያት ግን ዋሻውን ይመኛሉ። እንግዲህ ፀሐይ ሳይበረታ ማለዳው ለአያት፤ ከሰዓት በኋላው ለልጆች ይሁን። የቤተ ሰብ ዕረፍት ሰላም የሚሆነው፤ የሁሉም ፈቃድ ከቤት ሳይወጡ የታሰበ እንደ ሆነ ነውና።