የነበልባል ብርሃንና የላቦራቶሪያችን ጕዳይ

ከጓደኞቻችን መካከል፥ ኬሚስትሪ የሚጠናው ውህድ ለመሥራት ነው፥ ብርሃን መመርመር የፊዚክስ ተማሪዎች ፈንታ ነው የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አሳብ አንስማማም። ምክንያታችንንም ከላምባና ከናፍጣ ነበልባል ተነሥተን ለማስረዳት እንወዳለን። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናል።)

ላምባና ናፍጣ የብዙ ውህዶች ድብልቅ ናቸው። ከነዚህ ውስጥ አሮማቲክ የሚባሉት የካርቦን አተሞቻቸው በቀለበት የተያያዙ ናቸው። ባለ አንድ ቀለበቱን ቤንዚን (የመኪናውን አይደለም) ፋራዳይ በ1825 ለመብራት ይሠራበት ከነበረ ጋዝ ከተጠራቀመ ዘይት ለይቶ አወጣው። ነዳጁ ሲነድና ኦክስጅን ሲያንሰው ቀለበቶቹ እየተጋጠሙ ሁለት፥ ሦስት፥ አራት ይሆናሉ፤ ከነርሱም ጥላሸት ይወለዳል። ኩራዝ የሚያበራልን ቢጫ ብርሃን ራሱ የጋለ ጥላሸት ብርሃን ነው።

እንግዲህ ጥላሸቱ ከመወለዱ በፊት በነበልባሉ ውስጥ ምን እንዳለ በምን እናውቃለን? ቱቦ ብናስገባ ነበልባሉ ይረበሻል፤ ብርሃን ግን አይረብሸውም። ስቶክስ በ1852 ፍሎረሰንስ ብሎ የሰየመው ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል። አሮማቲኮቹ በዐይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ተቀብለው ረዘም ባለ ሞገድ መልሰው ያበራሉ። በሰንሰለት የተያያዙት ፓራፊኖች ዝም ይላሉ። ቀለበቱ በበዛ ቍጥር ብርሃኑ ዐይናችን ወደሚያየው ሰማያዊ ይቀርባል። ዛሬ ተመራማሪዎች የ266 ናኖሜትር ሌዘር በነበልባሉ ላይ እንደ ስስ ገበታ ዘርግተው የቀለበቶቹን ስፍራ በፎቶግራፍ ያነሣሉ።

ዘዴው ግን የዋህ አይደለም። ኦክስጅን ፍካቱን ያጠፋዋል፤ ሙቀቱም ይለውጠዋል። ስለዚህ ደምቆ የታየ ሁሉ በዝቶ የተገኘ አይደለም። ደግሞም ሌዘሩ ጥላሸቱን አግሎ ያበራዋል። ይህን ለመለየት የ1064 ናኖሜትር ሌዘር ይጨምራሉ፤ እርሱ ጥላሸቱን ሲያግል የአሮማቲኮቹን ፍካት አያስነሣም። ኬሚስቱ ብቻውን፥ ፊዚሲስቱም ብቻውን ይህን ሊፈታው አይችልም።

ነገሩ የሰው ሕይወትም አለበት። በለንደን የካንሰር ሆስፒታል የነበሩ ተመራማሪዎች ከ2 ቶን የከሰል ዝፍት ቤንዞፓይሪን የተባለውን ካንሰር አምጪ ውህድ በ1933 ለይተው ሲያወጡ፥ መንገድ ያሳያቸው ፍካቱ ነበር። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅትም የናፍጣ ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ በ2012 አስታውቋል። አንዳንዶች፥ መንግሥት በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏልና ጕዳዩ አልፏል ይሉናል። የጭነት መኪናውስ? ጄኔሬተሩስ? መብራት ባልደረሰበት ቤት የሚጨሰው ኩራዝስ?

ሌዘር ይገዛልን አንልም፤ ዋጋውን እናውቃለን። ነገር ግን ባንክ ቤት የብር ኖት የሚመረመርበት ዓይነት አልትራቫዮሌት አምፑል ርካሽ ነው። ከአውቶቡስ ጭስ ማውጫ ጥላሸት በጓንት ጠርጎ በአልኮሆል ማጠብ፥ ያንንም ካልነደደ ናፍጣና ላምባ ጋር በጨለማ ክፍል ማነጻጸር ለአንድ ከሰዓት በኋላ የሚበቃ ሥራ ነው። የዐይን መከላከያ መነጽርና ጭስ መሳቢያ ግን የግድ ነው።

የሁለቱ ክፍሎች መምህራን ይህን ሙከራ በመጪው ሴሚስተር በጋራ እንዲያስገቡልን እንጠይቃለን። ጥላሸቱን እኛ እናመጣለን።