ስለ አሮጌና ስለ አዲስ የሕዝብ ቤት

የሕዝብ ቤት የምንለው ፍርድ ቤቱን፤ ትምህርት ቤቱን፤ ሐኪም ቤቱንና የመንግሥት መሥሪያ ቤቱን ሁሉ ነው። ስለዚህም ቤት የሰው አሳብ ከሁለት ተከፍሎ እናያለን። አንዱ ወገን አሮጌው የአባቶቻችን መታሰቢያ ነውና አይነካ ይላል። ሁለተኛውም ወገን አሮጌው ጠቦናልና በመስተዋት ያጌጠ ረጅም ፎቅ ይሠራልን ይላል። እኛ ግን በሁለቱ መካከል ከመፍረድ በፊት፤ ሰው ቤትን የሚወድበትን ምክንያት መመርመር ይገባል እንላለን።

በአርሲ ደጋ፤ በዲክሲስ በኩል ያለውን ሰው እንመልከት። የሣር ክዳን ቤት ለብርድ አገር የተስማማ ነው። የቆርቆሮ ክዳን ግን ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ በረዶም ሲወርድበት ሰው ከሰው አይሰማማም። ነገር ግን ሣር ቶሎ ቶሎ መታደስ ይሻል፤ እሳትም ያሰጋዋል። ስለዚህ ልጅ ቤቱን በቆርቆሮ ቢከድን ጥቅሙን አይቶ ነው እንጂ አባቱን ንቆ አይደለም።

ደግሞ በአርሲ አገር ሽማግሌዎች ነገር ለመስማት በትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር የመቀመጥ ልማድ አላቸው። ዛፉ በር የለውም፤ ዘበኛም የለውም፤ ባለጉዳዩ የሚፈርዱትን ሰዎች ፊት ለፊት ያያቸዋል። ይህን የለመደ ሰው ለጉዳይ ወደ አሰላ ወርዶ በአዲስ ፎቅ ፊት ሲቆም ቢያመነታ፤ ቤቱን ጠልቶ ሳይሆን በየትኛው በር እንዲገባ የሚነግረው አጥቶ ነው።

አዲስም ቤት ቢሆን ይወደዳል። በአዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ አዳራሽ፤ ኢጣልያዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነድፎት በ1953 ዓ.ም. ሲመረቅ፤ አሠራሩ ለአገሩ እንግዳ ነበር። ነገር ግን በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተበት፤ አፈወርቅ ተክሌም 150 ካሬ ሜትር በሚሆን ባለቀለም መስተዋት አስጌጠው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ታድሶ ሲከፈት፤ ያ እንግዳ የነበረው ቤት የተከበረ ቅርስ ሆኖ ነበር። እንዲሁም በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ፤ አንዱ በሰፋው መንገድ ደስ ሲለው ሌላው ያደገበት ሰፈር ስለ ጠፋ አዝኗል። የሁለቱም ስሜት እውነት ነው፤ የፈረሰው ግን ተመልሶ አይገኝም።

ስለዚህ ቤትን የሚያስወድደው ዕድሜው ብቻ አይደለም፤ ቁመቱም አይደለም፤ በውስጡ የተሠራው ሥራና ሰውን የሚቀበልበት አኳኋን ነው። እንግዲህ ለማፍረስ ሥልጣን ያለው ሹም አስቀድሞ ቤቱ ምን እንደ ተሠራበት ይጠይቅ፤ ሊጠገን የሚችለውንም ይጠግን። የሚያሠራውም ለባለጉዳዩ መቀመጫና ጥላ፤ በግልጥ የሚታይም በር ያብጅለት። አባትና እናትም ልጆቻቸውን ወደ አሮጌው ቤት ወስደው ማን እንደ ሠራው ይንገሯቸው፤ ታሪኩን ያላወቀ ልጅ ነገ ሹም በሆነ ጊዜ ለማፍረስ አይሳሳምና።