ከበሮውን አትቀሟቸው



ባለፈው እሁድ በሰፈራችን የወላጆች ስብሰባ ላይ የልጆቹ የቅዳሜ ከበሮና ጭብጨባ ይቅር፣ ሰዓቱ ለጥናት ይሁን ተባለ። አንዲት እናት «ስደት ላይ ሆነን ምን ጭፈራ ያስፈልጋል?» አሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። እዚህ ካኩማ ለልጅ ከትምህርት ሌላ ምን እናወርሳለን? እኔም የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ ፈተና ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በውሳኔው ግን አልስማማም።

ምትን የሚሰማው ጆሮ ብቻ አይደለም። ዝም ብለን ተቀምጠን ከበሮ ብንሰማ እንኳ እንቅስቃሴን የሚመሩት የአንጎል ክፍሎች ይሠራሉ። አንጎል ቀጣዩን ምት ቀድሞ ይጠብቃል። ሳናስበው ትከሻችን የሚነቃነቀው ለዚህ ነው። በ2009 የታተመ ጥናት፣ ገና የተወለዱ ሕፃናት ተኝተው እያሉ ዋናው ምት ሲጎድል አንጎላቸው እንደሚያውቅ አሳይቷል።

እኔን የነካኝ ግን በ2005 የወጣው የሃነንና የትሬሀብ ጥናት ነው። የስድስት ወር የሰሜን አሜሪካ ሕፃናት ቤታቸው በማይሰማ የባልካን ዘፈን ውስጥ ምቱ ሲበላሽ ለዩት፤ የዚያው አገር አዋቂዎች አልቻሉም። ዓመት የሞላቸው ሕፃናትም አቃታቸው። ነገር ግን ያንን ዘፈን ቤት ውስጥ ለሁለት ሳምንት ያህል ሲሰሙ መለየት ቻሉ። አዋቂዎቹ ቢሰሙትም እንደ ልጆቹ አልሆነላቸውም።

እንግዲህ አንጎል ለብዙ ዓይነት ምት ክፍት ሆኖ ይወለዳል፣ ከዚያ ቤቱ የሚሰማውን ይዞ ያድጋል። ያልሰማውን ከየት ያመጣል?

በቅርቡ ሰርግ ላይ እዚሁ የተወለደ አንድ ተማሪዬን አየሁት። ጭብጨባው ተምታታበትና እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። እስክስታው ሲጀመር ወጥቶ ሄደ። ሰነፍ ልጅ አይደለም፣ ከክፍሉ ጎበዙ እሱ ነው። የጎደለው በልጅነቱ አብሮት የሚያጨበጭብ ሰው ነው።

ከበሮ ሒሳብ ያስተምራል እያልኩ አይደለም። ነገር ግን በ2010 በወጣ ጥናት፣ አብረው የዘፈኑና የተጫወቱ የአራት ዓመት ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ተረዳድተዋል። ለስደተኛ ሰፈር ይህ ትንሽ ነገር ነው?

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይኸው ነው፦ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ከበሮ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ጥናት። ጥናቱን እኔው በነፃ አስጠናለሁ። እናቶች ደግሞ እሹሩሩውን ለስልክ አትተዉት፤ ልጁን አዝላችሁ ራሳችሁ በሉለት።

ውጭ ያላችሁ ዘመዶችስ፣ ልጆቻችሁ ከእናንተ ጋር ያጨበጭባሉ? እስቲ ጻፉልኝ።