አባቱን ፍለጋ የወጣው ጎረምሳ

አባቱ አምላክ የሆነ ጎረምሳ ለሆሊውድ ጥሩ ገበያ ነው፤ የግሪኩ አምላክ የፖሲዶን ልጅ ፐርሲ ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ2010 ሲኒማ ቤት ገባ። ለእኛ ግን አባቱን ሳያውቅ ያደገ ጎረምሳ ወሬ አዲስ አይደለም። በክብረ ነገሥት ምኒልክ «አባቴ ማነው?» ብሎ የጠየቀው በ12 ዓመቱ፣ አባቱን ንጉሥ ሰሎሞንን ሊያይ ወደ ኢየሩሳሌም የተጓዘው በ22 ዓመቱ ነው።

ታዲያ ይህን ታሪክ በኮሚክ ማን ይሣለው?

ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለውን ኮሚክ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አውጥቶ መንገዱን አሳይቷል።

አምቦም ለዚህ ሥራ አታንስም። አጠገቧ ቦዳ የተወለደው ጸሐፌ ተውኔት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ ተውኔት ጽፎ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ፊት አሳይቷል፤ ያውም የግሪኮችን ታሪክ! ዛሬ ተራው የራሳችን ነው። የአምቦ ሠዓሊዎች ሆይ፣ ለጉደርና ለጊንጪ ልጆች የማክዳን ልጅ ምኒልክን በኦሮምኛም በአማርኛም ሣሉላቸው።