ንቡን ስናሳድድ ቀፎውን ረሳነው

የፕሬሚየር ሊጉ ውድድር ባለቀ ማግስት በግቢያችን በየዓመቱ አንድ ክርክር ይነሣል። በምግብ አዳራሽ ሰልፍ ላይ፥ በመኝታ ክፍል፥ በሻይ ቤት፥ ከሶዶ መናኸሪያ ወደ ቢጠና በሚሄደው መኪና ውስጥ ሳይቀር የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። ይኸውም «ኮከባችን ይቆያል ወይስ ይሄዳል?» የሚል ነው። የኮከቡ ስም በየዓመቱ ይለወጣል፤ ክርክሩ ግን አይለወጥም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የአንድም ተጫዋች ስም አንጠራም። ነገሩ የአንድ ሰው ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ሲሄድ አብሮት በሄደ ነበር።

ተከራካሪዎቹ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን፥ «የጠየቀው ሁሉ ይከፈለው፤ ገንዘብ ከጎደለ ሕዝቡ ያዋጣ፤ እርሱ ከሄደ ድቻ አለቀለት» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ «የሚሄድ ይሂድ፤ ለማልያው ፍቅር የሌለው ከሐዲ ነው» ይላል። ሁለቱም ቡድኑን ይወዳሉ፤ ሁለቱም እስኪነጋ ይጮኻሉ። እኛም አንድ ጊዜ ከወዲህ፥ አንድ ጊዜ ከወዲያ ሆነን ስንጮኽ ኖረናል። ዛሬ ግን ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል ብለን እንጽፋለን፤ ምክንያታችንንም አንባብያን ይመዝኑት።

በመጀመሪያ ድቻ ምን እንደሆነ እናስታውስ። ቃሉ በወላይትኛ እድገት ማለት ነው። ቡድኑ በ2006 ዓ.ም. ወደ ፕሬሚየር ሊጉ ገባ፤ ሦስት ዓመት ቆይቶም በ2009 ዓ.ም. በአሠልጣኝ መሳይ ተፈሪ እጅ የኢትዮጵያን ዋንጫ አነሣ። በዚያም ዋንጫ በ2010 ዓ.ም. ወደ አፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ተሻገረ። የዛንዚባሩን ዚማሞቶን አልፎ ከካይሮው ዛማሌክ ጋር ተገናኘ። ዛማሌክ የአፍሪካን የሻምፒዮኖች ዋንጫ አምስት ጊዜ የወሰደ ክለብ ነው። ድቻ ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በመጋቢት ወር ካይሮ ላይ 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ በመለያ ምትም ዛማሌክን ከውድድሩ አስወጣ። ከዚያ በኋላ የዳሬሰላሙ ያንግ አፍሪካንስ በሁለት ጨዋታ ድምር 2 ለ 1 አሸንፎ አስቀረው። ዛማሌክም በተከታዩ ዓመት ያንኑ ዋንጫ ወሰደ። እንግዲህ ያሸነፍነው የወደቀ ቡድን አልነበረም ማለት ነው።

ያን ሌሊት ሶዶ አልተኛችም። ነገር ግን ያን ድል ስናወራ አንድ ነገር እንዘነጋለን። ዛማሌክን ያሸነፈው አንድ ኮከብ አይደለም። ሁለት ጨዋታ ሙሉ የተከላከሉ፥ የሮጡ፥ በመጨረሻም በመለያ ምት ልባቸው ያልራደ ብዙ ሰዎች ናቸው። የቡድኑ ቅጽል ስም «የጦና ንቦች» መሆኑ በከንቱ አይደለም። በካዎ ጦና ስም የተጠራ ንብ ብቻውን ማር አይሠራም።

አሁን ወደ አንደኛው ወገን እንመለስ። «የጠየቀው ሁሉ ይከፈለው» የሚሉ ወንድሞቻችንን፥ «ከየት መጥቶ?» ብለን እንጠይቃቸዋለን። የአገራችን ክለቦች አብዛኞቹ የሚተዳደሩት ከመንግሥት በጀት፥ ከድርጅቶች ድጎማና ከሕዝብ መዋጮ ነው። ይህም ማለት ለአንድ ፊርማ የሚከፈለው ገንዘብ የውሃ ጉድጓድ ሊቆፈርበት፥ የጤና ጣቢያ መድኃኒት ሊገዛበት ይችል የነበረ ገንዘብ ነው ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ክለቦችና ፌዴሬሽኑ ለአንድ ተጫዋች የሚከፈለው የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ የተስማሙት ጨረታው ራሳቸውን ስላስፈራቸው ነው። ጣሪያው ግን በወረቀት ላይ ቀረ የሚል ቅሬታ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተሰምቷል። እኛ ተጫዋች ብዙ አይከፈለው አንልም። በጨረታ ከሚያሸንፈን ጋር በጨረታ አንጋጠም ነው የምንለው።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ደደቢትን እናስታውስ። በ2005 ዓ.ም. የሊጉ ሻምፒዮን ነበር። በአገሪቱ ስመ ጥር የሆኑ ተጫዋቾችን ሰብስቦ፥ ጌታነህ ከበደን የመሰለ ግብ አዳኝ አሰልፎ ሁሉን ያስፈራ ነበር። ጌታነህም በ2009 ዓ.ም. በዚያው ማልያ 25 ግብ አግብቶ የሊጉን የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ሰበረ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ፥ በ2011 ዓ.ም. ደደቢት ከሊጉ ወረደ። በገንዘብ የመጡ ኮከቦች ገንዘቡ ሲያልቅ የሚያቆማቸው ነገር የለም። ኮከብ ቡድንን ያደምቃል እንጂ ቡድንን አያቆምም።

ለሁለተኛው ወገን የምንሰጠው መልስ ይበልጥ መራራ ነው፤ ምክንያቱም መልሱ እኛኑ ስለሚነካ ነው። «ከሐዲ» የሚለውን ቃል የሚወረውረው ማን ነው? እኛ አይደለንምን? ከዚህ ግቢ ዲግሪውን ይዞ ወደ ቢጠና፥ ወደ በዴሳ ወይም ወደ አረካ ተመልሶ ለማስተማር የቆረጠ ተማሪ ስንት ነው? አብዛኞቻችን አይናችን አዲስ አበባ ላይ ነው፤ የጥቂቶቻችን ደግሞ ከባሕር ማዶ። ይህን ስናደርግ ራሳችንን «ዕድሉን የተጠቀመ» እንላለን። ኳስ ተጫዋቹ ያንኑ ሲያደርግ ግን ከሐዲ ሆነ! የእኛ እውቀት እስከ ሽምግልና ያበላናል፤ የእርሱ ጉልበት ቢበዛ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ዓመት ነው። አንድ ክፉ ግጭት ከደረሰበትማ ያም የለም። ጉልበቱ ሲሰበር ማልያውን የሳመለት ደጋፊ የቤት ኪራዩን አይከፍልለትም። ስለዚህ የተሻለ እንጀራ የፈለገን ሰው መስደብ ግፍ ነው፤ ከዚህም በላይ ከንቱ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

ታዲያ ዝም ብለን እንይ? አይደለም። መጮኽ ያለብን ጊዜ ሌላ ነው። ምሥጢሩ በውሉ ቀን ውስጥ ተሸሽጓል። የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር የፊፋ ደንብ፥ ለአዋቂ ተጫዋች የሚሰጠው ውል እስከ አምስት ዓመት፥ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ እስከ ሦስት ዓመት ሊደርስ ይችላል ይላል። ተጫዋቹ ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ከሌላ ክለብ ጋር በነፃ ሊፈራረም ይችላል። በአገራችን ግን የተለመደው የአንድና የሁለት ዓመት ውል ነው። እንግዲህ አስሉት! የአንድ ዓመት ውል የፈረመ ልጅ ገና ስድስት ወር ሳይጫወት ደጁ ተከፍቶለታል ማለት ነው። እኛ ክርክር የምንጀምረው ግን ውድድሩ ካለቀ በኋላ፥ ማለትም ደጁ ከተከፈተ ከወራት በኋላ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ ከአሜሪካ የቅርጫት ኳስ አንድ ታሪክ እንጥቀስ። የኦክላሆማ ሲቲ ታንደር ኮከብ የነበረው ኬቨን ዱራንት እ.ኤ.አ. በ2016 ውሉን ጨርሶ ወደ ጎልደን ስቴት ሄደ። አንዳንድ ደጋፊዎች ማልያውን አቃጠሉ፤ ክለቡ ግን በምትኩ ምንም አላገኘም። ከሦስት ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ2019፥ ሌላው ኮከብ ፖል ጆርጅ መሄድ ፈለገ። በዚህ ጊዜ ግን ውሉ አላለቀም ነበር። ክለቡ ለሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ አሳልፎ ሰጠውና በምትኩ ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር የሚባል ወጣት ተጫዋችና የብዙ ዓመት አዳዲስ ተጫዋቾችን የመምረጥ መብት ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ያው ወጣት መሪ ሆኖ ኦክላሆማ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነች። ክለቡም ከተማውም ያው ነው፤ ኮከብ መሄዱም ያው ነው። ልዩነቱ አንድ ጊዜ ባዶ እጅ መቅረቱ፥ ሌላ ጊዜ ዘር መቀበሉ ነው።

በእግር ኳስም ቢሆን ዘሩን ላበቀለ ክለብ ደንቡ ድርሻ ሰጥቶታል። ተጫዋች ከአገር ወደ አገር በገንዘብ ሲዛወር ከዋጋው 5 ከመቶ የሚሆነው ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ይህን ለመጠየቅ ግን ልጁ በየትኛው ዓመት በየትኛው ክለብ እንደተመዘገበ የሚያሳይ መዝገብ ያስፈልጋል። በባዶ እግሩ ቦዲቲ ሜዳ ላይ ያደገ ልጅ ስሙ በወረቀት ላይ ከሌለ፥ ነገ ዓለም ቢያውቀውም እኛ ምንም አንጠይቅም። ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ ይሆናል።

ከኦክላሆማ ሳንወጣ አንድ የሚያስፈራ ነገር እንጨምር። ያ ቡድን ራሱ እ.ኤ.አ. እስከ 2008 የሲያትል ከተማ ቡድን ነበር። ባለቤቶቹ አንሥተው ወሰዱት፤ የሲያትል ሕዝብ ኮከቡን ብቻ ሳይሆን ቡድኑንም አጣ። እኛስ? ዛማሌክን ያሸነፍንበት የሜዳችን ጨዋታ የተደረገው ሶዶ ላይ አልነበረም፤ ሐዋሳ ላይ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሊጉ ጨዋታዎች በቴሌቪዥን እንዲተላለፉ ሲባል በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ጀመሩ። ያን ጊዜ አሥር ዓመት የሞላው የሶዶ ልጅ ጎልማሳ ለመሆን ሲቃረብ፥ ቡድኑን የሚያውቀው በአብዛኛው ከመስኮት ማዶ ነው። ተጫዋቹም የሕዝቡን ፊት ሳያይ፥ ከሆቴል ወደ ሆቴል እየተዘዋወረ ይከርማል። ፊቱን አይቶት ከማያውቀው ሕዝብ ጋር ምን ፍቅር ሊያስተሳስረው ይችላል? ኮከቡ ለምን አልቆየም ብለን የምንጠይቅ እኛ፥ የሚቆይበት ቤት አለን ወይ ብለን ጠይቀን አናውቅም።

ስለዚህ ጩኸታችንን ወደሚከተለው እንድናዞር እናሳስባለን።

1ኛ. ከታዳጊ ቡድን ያደገ ልጅ የሦስት ዓመት ውል ይሰጠው፤ ደመወዙም በየዓመቱ ከፍ የሚል ይሁን። ውሉም ሊያልቅ አንድ ዓመት ሲቀረው ይታደስ፤ ካልታደሰ በጊዜው ይሸጥ። «ልጁ ቢጎዳ ክለቡ ለምን ይክፈለው?» የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ እናውቃለን። አዎን፥ ክለቡ ዕዳ ይሸከማል። ነገር ግን ልጁ ጉልበቱን ለሦስት ዓመት ሲያስይዝ ክለቡም የልጁን ጉዳት ማስያዝ ይገባዋል። አንዱ ወገን ብቻ የሚሸከመው ውል ውል አይደለም።

2ኛ. የታዳጊዎች መዝገብ ከ12 ዓመት ጀምሮ በትክክል ይያዝ። በግቢያችን የሒሳብ፥ የሕግና የስፖርት ትምህርት ተማሪዎች አሉ፤ በክረምት ወራት ይህን ሥራ በነፃ ለማገዝ ማኅበራችን ራሱን ያቅርብ። መምህሮቻችንም ይምሩን።

3ኛ. ሕዝብ ካዋጣ ሕዝብ ሒሳቡን ይወቅ። የገባውና የወጣው በዓመት አንድ ጊዜ በአደባባይ ይነበብ። ሒሳብ የማይነገረው ደጋፊ ሐሜት ቢያወራ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም።

4ኛ. የሶዶ ስታዲየም ደረጃውን አሟልቶ ጨዋታ የሚያስተናግድበት ቀን እንዲቆረጥ እንጠይቅ። ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ ሆናለች፤ ቡድኗን በቤቷ ማየት ይበዛባታልን?

ይህ ሁሉ ቢደረግም አንዳንድ ኮከብ ይሄዳል። ይሂድ! ሲሄድ ግን በምትኩ ለሚመጡት ልጆች ኳስና ጫማ የሚገዛ ገንዘብ ትቶ ይሂድ። እኛም በጭብጨባ እንሸኘው፤ ካይሮ ወይም ዳሬሰላም ላይ ሲጫወት «የእኛ ነው» እንበል። ያን ጊዜ በቢጠና ሜዳ ላይ የሚያየው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መንገዱ በድቻ በኩል እንደሚያልፍ ይረዳል። ንብ አበባ ሊፈልግ ይወጣል፤ የሚመለሰው ግን ቀፎ ሲኖረው ነው። በሚመጣው ዓመት ክርክሩ ከመነሣቱ በፊት ቀፎውን እንሥራ።