ቁጥሩ ስንት ነው?

ባለፈው ሴሚስተር የዜና አጻጻፍ መምህራችን "ለሚቀጥለው ሳምንት እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ የዘገባ ሐሳብ ይዛችሁ ኑ" አሉን። ጓደኞቼ ስለ እምቦጭ፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ትራፊክ አደጋ ይዘው መጡ። ተራዬ ሲደርስ "እኔ ስለ ሞተር ሳይክል ካንዴላ ነው" አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከኋላ የተቀመጠ አንዱ "አንተማ ፖሊ ግቢ ነበር መመደብ የነበረብህ" አለኝ። መምህሩ ግን አልሳቁም። "ማንን ይመለከታል?" ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔ ግን በሰዓቱ የሚረባ መልስ አልነበረኝም፤ ተንተባትቤ ተቀመጥኩ። ውድ አንባብያን፣ ይህችን ጽሑፍ የምጽፈው ያኔ ያልመለስኩትን አሁን ለመመለስ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ዓሣ ነጋዴ ነው። ነጋዴ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ያለው አንድ የፕላስቲክ ሳጥንና ከአባታችን የቀረ አንድ ሆንዳ ኤክስ ኤል 125 ሞተር ነው። አባታችን ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የገዛው፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ የተሠራ፣ በዕድሜ ሁለታችንንም የሚበልጥ ሞተር። ወንድሜ ሌሊት 11 ሰዓት ይነሳና በዘጌ በኩል ወዳለው የታና ዳርቻ ይወርዳል። በታንኳ መረብ ሲጥሉ ካደሩት ሰዎች ቆሮሶና አምባዛ ይረከባል፤ ፀሐይ ሳትበረታ ከተማ ላሉ ዓሣ ቤቶች ያስረክባል። እኔ ግቢ ውስጥ የምጠጣው ሻይና የማስገለብጠው ፎቶ ኮፒ ከዚያ ሳጥን የሚወጣ ነው።

አምና ግንቦት አንድ ቀን ጠዋት ሞተሩ መንገድ ላይ ሳል ሳል አለና ጸጥ አለ። ወንድሜ እግሩ እስኪዝል ረገጠው። ካንዴላውን ፈትቶ ቢያየው ጥቁር፣ ጥላሸት የተቀባ። በብርጭቆ ወረቀት ጠርጎ መልሶ ገጠመው፤ ጥቂት ሄዶ እንደገና ቆመ። እንዲህ ሲያነሳና ሲጥል ከተማ የደረሰው 5 ሰዓት ላይ ነው። የግንቦትን የባሕር ዳር ፀሐይ ታውቃላችሁ። ዓሣ ቤቶቹ ሳጥኑን ከፈት አድርገው አሸተቱና "ይቅርብን" አሉት። የዚያ ቀን ዓሣ ብቻ ሳይሆን የነገው መግዣም አብሮ ሄደ።

የሚገርመው ካንዴላው አዲስ መሆኑ ነው። ከተገዛ አራት ቀኑ ነበር። ያረጀውን በእጁ ይዞ ሄዶ "እንዲህ ዓይነት ስጡኝ" ብሎ ገዝቶ፣ ሻጩም "ይሄ ኦሪጅናል ነው፣ የጃፓን" ብሎት ነበር።

በማግስቱ አብሬው ሱቁ ሄድኩ። "ቁጥሩ ስንት ነው?" ብዬ ስጠይቅ ሻጩ ግራ ገባው። "ቁጥር ምን ያደርግልሃል ወንድሜ? ከገባ ይሠራል።"

ከገባ ይሠራል! ይህች ዓረፍተ ነገር ናት ለዚህ ጽሑፍ የዳረገችኝ።

እስኪ ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ካንዴላ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ሻማ ማለት ነው። ፍሬኑም፣ ማርሹም፣ ፍሪሲዮኑም፣ ቴስታታውም ከዚያው ቋንቋ ናቸው። ጣልያን ሲወጣ ቃላቱን ትቶልን መመሪያ መጽሐፉን ይዞት ሄደ ብል ቀልድ ብቻ አይሆንም። ምክንያቱም በካንዴላው ነጭ ሸክላ ላይ የምትታየዋ ጽሑፍ ጌጥ አይደለችም። የወንድሜ ሞተር የሚፈልገው በኤን ጂ ኬ አጻጻፍ "ዲ8ኢኤ" የሚባለውን ነው። ዲ የምትለው የጥርሱ ውፍረት 12 ሚሊ ሜትር መሆኑን፣ በ18 ቁጥር ቁልፍ እንደሚፈታም ትናገራለች። ቢ ቢሆን 14፣ ሲ ቢሆን 10 ሚሊ ሜትር ነው። ኢ ደግሞ የጥርሱን ርዝመት ትነግረናለች፤ 19 ሚሊ ሜትር። በኢ ቦታ ኤች ቢሆን ርዝመቱ 12.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ለወንድሜ የተሸጠለት ባለ ኤች ነበር። ውፍረቱ አንድ ስለሆነ ገባ፤ ጠበቀም። ግን አጭር ነው። እሳቱ የሚፈነጥቅበት ጫፍ ነዳጁና አየሩ ተደባልቀው ወዳሉበት ሳይደርስ ቴስታታው ቀዳዳ ውስጥ ተደብቆ ቀረ። እዚያ ተደብቆ ጥላሸት ከመሰብሰብ ሌላ ምን ይሠራል? ክፋቱ በዚህ አያበቃም። ሳይሸፈን የቀረው የቴስታታው ጥርስም ጥላሸት ይለብስና ትክክለኛው ረጅም ካንዴላ ሲመጣ አላስገባ ይላል። የእኛን መካኒኩ ጥርሱን ጠርጎ እስኪያስገባው ግማሽ ቀን ፈጀበት። የተገላቢጦሹማ የባሰ ነው። አጭር በሚፈልግ ሞተር ላይ ረጅም ቢገባ ፒስተኑ እየወጣ ሊመታው ይችላል፤ ያኔ የሚገዛው ካንዴላ ሳይሆን ሞተር ነው።

አሁን ወደ 8 ቁጥር እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ይህ ቁጥር ካንዴላው ሙቀቱን ምን ያህል ፈጥኖ ለቴስታታው እንደሚያስረክብ ነው የሚነግረን። ጫፉ ከ450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ ጥላሸቱን ራሱ ማቃጠል ያቅተዋል፤ ከ800 ዲግሪ በጣም ካለፈ ደግሞ እሳቱ ሳይታዘዝ ቀድሞ ይነሳና ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል። በኤን ጂ ኬ ቁጥሩ ሲያድግ ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው። በዴንሶም እንዲሁ ነው፤ ቁጥሮቹ ግን ሌሎች ናቸው፤ የኤን ጂ ኬ 8 በዴንሶ 24 ነው። ወደ ቦሽና ወደ ሻምፒዮን ስትሄዱ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ቁጥሩ ሲያድግ ካንዴላው ሞቃት ይሆናል። እንግዲህ "7 ቁጥር ስጠኝ" ብሎ የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ ያልጠየቀ ሰው የፈለገውን ተቃራኒ ይዞ ቤቱ ሊገባ ይችላል።

መካኒኮቻችን "ካንዴላው እየጠቆረ አስቸገረ፣ ሞቅ ያለ አድርግበት" የሚሉት ምክር አላቸው። ይህን ስሰማ ለምን እንደሚሉ ገባኝ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው አምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ነው። ለቆላ ተስተካክሎ የመጣ አሮጌ ካርቡራተር እዚህ ሲደርስ አየሩ ያንሰዋል፣ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ጥላሸት ይመጣል። በዚህ ላይ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ከተደፈነ አስቡት። ታዲያ በሽታው ካርቡራተሩና ማጣሪያው ላይ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱን ለካንዴላው መስጠት ምን የሚሉት ሕክምና ነው? ሞቃቱ ካንዴላ ለጥቂት ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ባለቤቱ አንድ ቀን ጭነት ጭኖ የዓባይ በረሃን ዳገት ሲወጣ ግን ሂሳቡ ይመጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ስለዚህ ይመስለኛል።

እንዲያውም ካንዴላ ከመቀየሩ በፊት የሚነበብ ነገር ነው እላለሁ። እኛ ጋዜጠኝነት ተማሪዎች ፊት ማንበብ ነው የምንወድ፤ ይህኛው ግን ከፊት ይልቅ አይዋሽም። ጫፉ የተቆላ ገብስ ዓይነት ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል ወይም አየር ጎድሏል። ጥቁርና ዘይት የነካው ከሆነ የፒስተኑ ፋሻ አልቆ ዘይት እየወጣ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ደርዘን ካንዴላ ብትቀያይሩ ወጪ ነው እንጂ መፍትሔ አይደለም። ነጭ ሆኖ የተጠበሰ ከመሰለ ቶሎ አቁሙት።

አሁን ወደ "ኦሪጅናል" ልመለስ። በክፍላችን "አስተማማኝ ምንጮች እንደገለጹት" ብሎ የጻፈ ተማሪ ምን እንደሚደርስበት እናውቃለን። ማን ናቸው? የት? መቼ? ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዝበታል። "ኦሪጅናል" የሚለው የሱቅ ቃል ከዚህ በምን ይለያል? ኤን ጂ ኬ እንደ ፈረንጆች በ1936 ናጎያ ከተማ የተመሠረተ የጃፓን ኩባንያ ነው (ኩባንያው በ2023 ስሙን ኒተራ ብሎታል፤ ካንዴላው ግን በድሮው ስሙ ነው የሚሸጠው)። ምርቱ በብዙ አገር በሐሰት ስለሚሠራ ራሱ ኩባንያው ገዢዎችን ያስጠነቅቃል። ጽሑፉ የደበዘዘ ወይም የተንጋደደ ከሆነ፣ የጥርሱ ሥራ ሻካራ ከሆነ፣ ከታች ያለችው የብረት ቀለበት ገና ሳይገጠም ወልቃ የምትወድቅ ከሆነ፣ የላይኛዋ ቀንድ ከመሐሉ ጫፍ ጋር ካልተገጣጠመች ጠርጥሩ። ደግሞስ ኦሪጅናል ቢሆን እንኳ ቁጥሩ ካልሆነ ምን ዋጋ አለው? የወንድሜ ካንዴላ ምናልባት እውነተኛ ጃፓን ሊሆን ይችላል። እውነተኛ የተሳሳተ ካንዴላ ነበር።

ለመካኒኮቹ ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም። ጥርሱን የጠረገልን ሽማግሌ መካኒክ ይህን ሁሉ ስቀባጥር ዝም ብለው ሰሙኝና "ልጄ፣ ያልከውን አውቀዋለሁ። ግን ገበያ ላይ ያለውን ነው የምሰካው። የለም ብዬ ብመልሰው ባለ ሞተሩ ዛሬ ምን በልቶ ይደር?" አሉኝ። መልስ አጣሁ። በእርግጥ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ለወንድሜ ዓይነቱ ሰው አዲስ ሞተር መግዛት ሕልም ነው። አሮጌዎቹ ገና ብዙ ዓመት ይሮጣሉ፤ መለዋወጫውም ባለው ይሞላል። ቢሆንም አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ "ቁጥሩ የእሱ አይደለም፣ ለጊዜው ነው፣ ሩቅ አትሂድበት" ብሎ ለባለቤቱ መንገር ምን ያስከፍላል? ወንድሜ ይህን ቢሰማ ኖሮ ያን ቀን ከአንድ ጓደኛው ሞተር ይዋስ ነበር።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሱቁ አይደለም። በቅርቡ አንድ የግዢ መጠየቂያ አይቻለሁ፤ የማን እንደሆነ ይቅር። "ካንዴላ፣ የሞተር ሳይክል፣ አንደኛ ደረጃ" ይላል። ቁጥር የለም። የሞተሩ ዓይነት እንኳ የለም። በዚህ ወረቀት ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል፣ ያሸነፈውም ያገኘውን ያቀርባል፣ ዕቃ ግምጃ ቤትም ይረከባል። ሞተሮቹን የሚነዱት እነማን ናቸው? ወደ ገጠር ቀበሌ የከብት ክትባት በበረዶ ሳጥን ይዘው የሚወጡ ባለሙያዎች ናቸው። የወንድሜ ዓሣ ሲበላሽ የከሰርነው እኛ ብቻ ነን። የክትባቱን ግን እናንተው አስቡት። እንግዲህ መምህሬ "ማንን ይመለከታል?" ላሉት መልሴ ይህ ነው።

ውድ የሆነውን አይሪዲየም ግዛ የሚሉኝም አሉ። ጫፉ ቀጭን ነው፣ 0.6 ሚሊ ሜትር፤ ዕድሜውም ረጅም ነው። ግን ካርቡራተሩ ጥላሸት ለሚተፋ አሮጌ ሞተር በወርቅ ጽዋ ጠላ መጠጣት ነው። ተራው፣ ቁጥሩ ልክ የሆነው ይበቃል፤ ክፍተቱን ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር አስተካክሎ፣ በእጅ እስኪቆም አዙሮ፣ ከዚያ በቁልፍ ከግማሽ ዙር ሳያልፉ ማጥበቅ ነው። በመሐል አር የሚል ፊደል የተጨመረበት ካገኛችሁ ሬድዮ እንዳይረብሽ ተቃውሞ የገባበት ነው። ብዙ ጊዜ አይጎዳም፤ ብልጭታው የደከመ አሮጌ ሞተር ግን ጠዋት ላይ ሊያኮርፍ ይችላል።

ወንድሜ አሁን "ዲ8ኢኤ" የምትለዋን በሚስማር ከወንበሩ ሥር ጭሯታል። ሱቅ ሲሄድ ወንበሩን ያነሳና ያነባል። ጓደኞቹም ስቀውበት ሲያበቁ የየራሳቸውን ይዘው መጡ፤ የስድስት ሞተር ቁጥር ደብተሬ ላይ አለ፤ ሁለቱ ላይ የተገጠመው ከመመሪያቸው ጋር አይገናኝም። ባለ ጀልባ የሆነ አንዱም የጀልባውን ሞተር ካንዴላ አምጥቶ "ይሄስ?" ብሎኛል፤ እሱን ገና እያጣራሁ ነው።

የትምህርት ክፍላችን መምህራንና ሠራተኞች ሞተር ያላችሁ፣ የእናንተንም ቁጥር ጽፋችሁ ብትሰጡኝ ለሚቀጥለው ቡለቲን ዝርዝሩን አወጣዋለሁ። ካንዴላውን የምትፈቱት ግን ሞተሩ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ይሁን። እኔ ጣቴን አንዴ አቃጥያለሁ።